«ምንም ችግር የለም» ብሎ የፈረመ እጅ

በየወሩ መጨረሻ ከአይቲ ክፍል ወደ አለቃ ጠረጴዛ የምትሄድ አንዲት ወረቀት አለች። ራስጌዋ ላይ የድርጅቱ ዓርማ፣ መሐሏ ላይ አረንጓዴ ግራፍ፣ ግርጌዋ ላይ ፊርማና ማኅተም። «በወሩ ውስጥ በኔትወርኩ ላይ የታየ አጠራጣሪ እንቅስቃሴ የለም» ትላለች። አለቃው አያነባትም። ያዘጋጃት ባለሙያም ያለፈውን ወር ፋይል ከፍቶ፣ ቀኑን ብቻ ቀይሮ ነው የላካት። የምናገረው ለሁለቱም ነው፤ አስቀድሜ ግን ለፈረመው።

እናንተ የኔትወርክ ጠባቂዎች! «የታየ ነገር የለም» ስትሉ፣ ለመሆኑ የሚያይ ነበር? ሳያይ የቀረ ሰው «አላየሁም» ቢል እውነቱን ነው፤ በስንፍናው ይወቀሳል እንጂ ውሸታም አይባልም። ሳያይ «የለም» ብሎ የጻፈ ግን ዋሽቷል፤ ያውም በማኅተም። ደመወዙ ትንሽ መሆኑ፣ ሌሊቱ መርዘሙ፣ ሥራው ምስጋና ቢስ መሆኑ ይገባኛል። አንዱም ግን ውሸቱን እውነት አያደርገውም።

ሕዝቅኤል ስለ ጉበኛው የተናገረውን የሰንበት ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። የዚያ ጉበኛ በደል አይቶ ዝም ማለቱ ነበር። እናንተ ለማየትም አልደረሳችሁም፤ ተኝታችሁ ስታበቁ ስለ ከተማይቱ ደኅንነት ሪፖርት ጻፋችሁ።

ነገሩን በቅርብ ለማያውቅ አንባቢ ሥራው እንዲህ ነው። ፕሮብ የሚባለው ሰርቨር ስዊቹ ላይ አንድ ፖርት ይሰጠዋል፤ በሌሎቹ ፖርቶች የሚያልፈው ትራፊክ ቅጂው ወደዚያ ይፈስሳል። ፕሮቡ ማንንም አያቆምም፣ ለማንም አይመልስም፤ ዝም ብሎ ያዳምጣል። የትኛው ማሽን ከየትኛው ጋር፣ በስንት ሰዓት፣ ስንት ባይት እንደተለዋወጠ መዝግቦ ለማዕከሉ ያስረክባል። አዲስ ጥበብ አይደለም። ለርቀት ክትትል አርሞን የተባለው ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው፤ የሲስኮ ኔትፍሎውም ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ አለ። ዛሬ በነፃ የሚገኘው ሶፍትዌር ራሱ ለመካከለኛ ባንክ ይበቃል። ስለዚህ «መሣሪያ የለንም» የምትለውን ሰበብ ከወዲሁ አስቀምጡልኝ።

የፕሮብ ጉዱ ሲሞት አለመጮኹ ነው። ስዊች ሲቀየር ቅጂ የሚልከው መስመር በአዲሱ ላይ ሳይጻፍ ይቀራል። ራክ ሲስተካከል አንድ ኬብል ይነቀላል። ዲስኩ ይሞላና መመዝገብ ያቆማል። ያን ጊዜ ስክሪኑ ላይ ምን ይታያል? ግራፉ ወደ ዜሮ ወርዶ እንደ ክር ይዘረጋል። ማስጠንቀቂያው ደግሞ «ከዚህ መጠን በላይ ሲሆን ጩህ» ተብሎ የተሞላ ነው፤ «ከዚህ በታች ሲሆንም ጩህ» ያለው ሰው የለም። ዜሮ ከመጠኑ በታች ስለሆነ መብራቱ አረንጓዴ ይሆናል። እንዲያውም በሕይወት ከነበረበት ጊዜ ይልቅ ከሞተ ወዲህ ያማረ ሪፖርት ያወጣል፤ አንድም የሐሰት ማስጠንቀቂያ የለበትማ! ይህን መብራት አይቶ ቡናውን የሚጠጣ ጠባቂ «ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ አላየሁም» ብሎ መማል አያስፈልገውም፤ ዓይኑ ግንባር ከሆነ ቆይቷል።

ነገር አጋነንህ የሚለኝ ካለ የሰዎችን የብድር ታሪክ የሚመዘግበውን የኢኩዊፋክስን ታሪክ ይስማ። ዋና መሥሪያ ቤቱ አትላንታ ነው፤ ብዙ ሐበሻ በሚኖርባት ከተማ። አሜሪካ ውስጥ መኪና በብድር ለመግዛትም ሆነ አፓርትመንት ለመከራየት «ክሬዲትህ እንዴት ነው?» የተባለ ሁሉ፣ አወቀውም አላወቀውም፣ ከዚህ ድርጅትና ከሁለት አቻዎቹ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ማንም ፈቃዱን አልተጠየቀም። ስሙን፣ የልደት ቀኑን፣ አድራሻውን፣ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሩን ሰብስበው ይዘውለታል፤ እንዲጠብቁለት እንኳ አደራ ያላቸው እሱ አይደለም።

እ.ኤ.አ. ማርች 7 ቀን 2017 አፓቺ ስትረትስ በተባለ ሶፍትዌር ላይ ከባድ ክፍተት መገኘቱ ከነመድፈኛው ይፋ ሆነ። በማግስቱ የአሜሪካ መንግሥት የኮምፒውተር አደጋ ቡድን ማስጠንቀቂያ አሠራጨ። በሦስተኛው ቀን የኢኩዊፋክስ የጸጥታ ክፍል ከ400 ለሚበልጡ ሠራተኞች «በ48 ሰዓት ውስጥ ድፈኑ» የሚል ኢሜይል ላከ። ደንበኞች ቅሬታ የሚያቀርቡበት ሲስተም ግን ሳይደፈን ቀረ። ሜይ 13 ሌቦቹ በዚያ ገቡ፤ 76 ቀን ከረሙ። 48 ዳታቤዞችን ወደ 9 ሺሕ ጊዜ ያህል እየጠየቁ፣ የ147 ሚሊዮን ሰው ያህል መረጃ አጋዙ።

እዚህ ድረስ ያለው የበር ታሪክ ነው። በር ሳይዘጋ ሊያድር ይችላል፤ ጠባቂ የሚቀጠረውም ለዚሁ ነው። ጠባቂውም ነበር። የተመሰጠረውን ትራፊክ ፈትቶ የሚመረምር መሣሪያ በመስመሩ ላይ ተተክሎ ነበር። ምስጢሩን የሚፈታበት ዲጂታል ሰርተፍኬት ግን ጊዜው አልፎበታል። ሰርተፍኬቱ ሲያልፍ መሣሪያው ትራፊኩን አያግድም፤ ሳይከፍት፣ ሳይመረምር ያሳልፋል። ሥራ እንዳይቆም ታስቦ የተሠራ ነው። ስለዚህ ሥራ አልቆመም፤ የሌቦቹም።

ጁላይ 29፣ ቅዳሜ ማታ፣ ሠራተኞች አዳዲስ ሰርተፍኬቶች ጫኑ። ወዲያውኑ ያህል፣ ከቻይና አድራሻ ጋር የሚነጋገር አጠራጣሪ ትራፊክ ስክሪኑ ላይ መጣ። 76 ቀን ሙሉ ያልታየው ዓይኑ በተገለጠበት ምሽት ታየ። በማግስቱ ሲስተሙ ተዘጋ። መሣሪያው አልጎደለም ማለት ነው፤ ጥበብም አልጎደለም። የጎደለው ቀን የሚቆጥር ሰው ነው።

ሰርተፍኬቱ ያለፈው መቼ ነው? የአሜሪካ ሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ኮሚቴ በዲሴምበር 2018 ባወጣው ሪፖርት መሣሪያው ሳይሠራ የቆየው 19 ወር ነው ይላል። የመንግሥት ተጠያቂነት ቢሮ ደግሞ ከኩባንያው ባለሥልጣናት ሰምቶ ሰርተፍኬቱ ያለፈው ከጥቃቱ 10 ወር ያህል ቀደም ብሎ ነው ብሏል። ሁለት መርማሪ፣ ሁለት ቁጥር። በዚህ መካከል ስንት ሳምንታዊ ስብሰባ ተካሂዷል? ኮሚቴው እንዳገኘው ጊዜያቸው ያለፈባቸው ሰርተፍኬቶች ከ300 በላይ ነበሩ፤ ከእነዚህ 79ኙ ለሥራው እጅግ ወሳኝ የሆኑ ሲስተሞችን ለሚጠብቁ መሣሪያዎች የተሰጡ ናቸው። አንዱ ቢያልፍ መርሳት ነው። ከሦስት መቶ በላይ ካለፈ፣ የመርሳት ስሙ ይቀየርልኝ፤ ያ ልማድ ነው።

ከሁሉ የሚያስቆጣኝ ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ሕዝቡ የሰማው ሴፕቴምበር 7 ነው፤ ከስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ። ዋና ሥራ አስፈጻሚው ሪቻርድ ስሚዝ ሥልጣናቸውን ለቀው በኦክቶበር ምክር ቤት ፊት ሲቀርቡ፣ መድፈኛው ያልተጫነው አንድ ሰው ማድረስ የሚገባውን መልእክት ስላላደረሰ ነው አሉ። አንድ ሰው! ያ ኢሜይል ከ400 ለሚበልጥ ሰው የተላከ ነው። ስሚዝ ምክር ቤት ከመቅረባቸው በፊት በነበረው ቀን አንድ ባለሥልጣን ኢሜይሉን አላስተላለፍክም ተብሎ ተባረረ። ትልልቅ ቤቶች ጥፋትን እንዲህ ነው የሚያጥቡት፤ ጥፋቱ የሁሉም ሲሆን አንድ አንገት ይፈለጋል። እናንተ ታች ያላችሁ ደግሞ ይህን እያወቃችሁ ትፈርማላችሁ። ነገ የሚፈለገው አንገት የማን ይመስላችኋል?

ወደ ቤታችን ልመለስ። አዲስ አበባ፣ በቀድሞው ከርቸሌ ቦታ ላይ፣ ቻይና በ200 ሚሊዮን ዶላር ገንብታ ያበረከተችው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ በጃንዋሪ 2012 ተመረቀ። በጃንዋሪ 2018 ለ ሞንድ የተባለው የፈረንሳይ ጋዜጣ አንድ ዘገባ አወጣ። ጋዜጣው እንደጻፈው ከ2012 እስከ 2017 በየሌሊቱ፣ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 6 እስከ 8 ሰዓት፣ ሕንፃው ባዶ ሆኖ ሳለ ሰርቨሮቹ በሥራ ይጨናነቁ ነበር፤ የኅብረቱ መረጃ ሻንጋይ ወዳሉ ሰርቨሮች ይገለበጥ ነበር። ይህንን ያስተዋለው በጃንዋሪ 2017 አንድ የኅብረቱ የኮምፒውተር ባለሙያ ነው ይላል ዘገባው። ቻይና ክሱን መሳቂያ ነው ስትል አጣጣለችው፤ የኅብረቱ መሪዎችም አስተባበሉ።

ሌባው ማን ነው በሚለው ላይ እኔ አልፈርድም። ጥያቄዬ ለጠባቂው ነው። ዘገባው እውነት ከሆነ አምስት ዓመት ሙሉ ግራፉን ማን ነበር የሚያየው? ሐሰትም ከሆነ፣ ይህን ሐሜት በአንድ ቀን የሚያፈርሰው የየሌሊቱ የትራፊክ መዝገብ ነው እንጂ የቃል አቀባይ መግለጫ አይደለም። ያን ባለሙያ ግን፣ ማንም ይሁን፣ እጁን ብስመው ደስ ይለኛል። ያደረገው ነገር ቢኖር ሰው በሌለበት ሰዓት ማሽኑ ለምን እንደደከመ መጠየቅ ብቻ ነው።

«በየሌሊቱ የሚመጣ ነገር እንዴት አምስት ዓመት ይሰወራል?» ለሚል፣ ሪፖርታችሁ ራሱ እንዴት እንደሚሰውረው ላሳይ። እ.ኤ.አ. በ1995 ቶቢያስ ኦቲከር የተባለ ሰው ኤምአርቲጂ የተሰኘውን የትራፊክ መሣያ ጻፈ፤ የዛሬዎቹ ግራፎች ብዙዎቹ የእሱ ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው። በየአምስት ደቂቃው ይለካል። መዝገቡ እንዳያብጥ ግን አሮጌውን ልኬት እያዋሐደ ይሄዳል፤ ለሳምንቱ የግማሽ ሰዓት አማካይ፣ ለወሩ የሁለት ሰዓት አማካይ፣ ለዓመቱ የሙሉ ቀን አማካይ። አሁን አስሉት። አንድ መስመር ሌሊት ለሁለት ሰዓት በሴኮንድ 60 ሜጋቢት ቢያጓጉዝና ቀሪውን 22 ሰዓት ባዶውን ቢውል፣ በቀን አማካይ 5 ሜጋቢት ብቻ ሆኖ ይወጣል። ያ ተራራ የሚያክል ሌሊት የዓመቱ ሪፖርት ላይ ጉብታም አይሆን። ሰዓቱስ? ብዙ ሰርቨር የሚቆጥረው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው፤ የአዲስ አበባ እኩለ ሌሊት እዚያ 21 ሰዓት ተብሎ ይጻፋል። ዓይኑን ወርወር ያደረገ ሰው «የሚያመሽ ሠራተኛ ነው» ብሎ ያልፈዋል። አማካይን ከጣሪያው ጋር፣ ሰዓቱንም ከነአገሩ አብሮ ያልጻፈ ሪፖርት ሪፖርት አይደለም፤ መጋረጃ ነው።

ሌባ ደግሞ ይማራል። ሮይተርስ በዲሴምበር 2020 እንደዘገበው፣ ከጃፓን የኮምፒውተር አደጋ ቡድን በመጣ ጥቆማ የኅብረቱ ባለሙያዎች ከቅጥር ግቢው የጸጥታ ካሜራዎች የተቀረጸ ምስል ወደ ውጭ እየፈሰሰ መሆኑን ደረሱበት። ቻይና ይህንንም አስተባብላለች። በዚህኛው ጊዜ ሌቦቹ የሚሠሩት በቀን ነበር፤ ከሠራተኛው የሥራ ሰዓት ትራፊክ ጋር ተቀላቅለው። ልብ በሉ፤ አዲስ አበባ ያለውን ቤት የቶኪዮ ጎረቤት ነው «ቤትህ እየተዘረፈ ነው» ያለው።

የአንድ ሰው ትጋት ምን እንደሚሠራ ለማወቅ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1986 ካሊፎርኒያ፣ በሎውረንስ በርክሊ ላቦራቶሪ፣ ክሊፍ ስቶል የሚባል የከዋክብት ተመራማሪ የምርምር ገንዘቡ አልቆ ኮምፒውተር ክፍል ተመደበ። ሒሳቡ ላይ የ75 ሳንቲም ልዩነት አገኘ፤ የአንድ ዶላር ሦስት አራተኛ። «ትንሽ ነው» ብሎ መዝጋት ይችል ነበር። አልዘጋም። ባልደረቦቹ ወደየቤታቸው በገቡበት ቅዳሜና እሑድ ከየጠረጴዛቸው ፕሪንተርና ተርሚናል ለቃቅሞ 50 በሚሆኑ የስልክ መስመሮች ላይ ሰካና እዚያው አጠገባቸው ተኛ። በመስመሩ የሚገባው ሰው የሚመታት እያንዳንዷ ፊደል ወረቀት ላይ ታተመች፤ ሌባውም መታየቱን አላወቀም። ይህ በዘመኑ አቅም የተሠራ ፕሮብ ነው። ማሳደዱ ወራት ፈጅቶ ሃኖቨር፣ ጀርመን ደረሰ፤ ማርኩስ ሄስ ከአሜሪካ የጦር ኮምፒውተሮች የለቀመውን ለሶቪየት ኬጂቢ ሲሸጥ የነበረ ሰው ሆኖ ተገኘ። ስቶል ዳሽቦርድ አልነበረውም። ከእናንተ የሚለየው ያልገባውን ቁጥር ይዞ መተኛት ስላልቻለ ነው።

«አለርት በዛብን» ትሉኛላችሁ። አውቃለሁ፤ በቀን ሺሕ ጊዜ የሚጮኽ ነገር ጆሮ ያደነቁራል። ግን ማን አበዛው? መሣሪያውን ከካርቶን አውጥታችሁ እንደመጣ ሰክታችሁት ነው፤ የቤታችሁን ትራፊክ አላስተማራችሁትም። አባባላችን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይላል፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ታርጌት በተባለው የአሜሪካ መደብር ግን ውሻው ጅቡ ሳይሄድ ጮኾ ነበር። በኖቬምበር መጨረሻ ላይ መሣሪያው አስጠነቀቀ፣ ባንጋሎር ያሉት ተመልካቾች አይተው ወደ ሚኒያፖሊስ አስተላለፉ፣ እዚያ ማንም አልተነሣም። የ40 ሚሊዮን የባንክ ካርድ መረጃ ሄደ።

አለቆች ሆይ፣ እናንተንም አልረሳሁም። መሣሪያ ሲገዛ ሪባን ትቆርጣላችሁ፤ ፈቃዱ ሲያልቅ የማደሻው ገንዘብ በጀት ውስጥ የለም። ቀንም ሌሊትም የሚያይ አንድ ልጅ ቀጥራችሁ፣ እሱኑ ፕሪንተር ሲያስጠግን ታውሉታላችሁ። ከፕሮቡ የምትጠይቁትም አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ማን በሥራ ሰዓት ዩቲዩብ ሲያይ ዋለ?» የሠራተኛን ገመና ለመቁጠር ዓይናችሁ እንዴት ይነቃል! የደንበኛው መረጃ በጓሮ ሲጋዝ ግን «የቴክኒክ ጉዳይ ነው» ትላላችሁ። መጥፎ ዜና ይዞ የመጣን ባለሙያ ስትቆጡ ባልደረቦቹ ቆመው ያያሉ፤ በሚቀጥለው ወር ሁሉም አረንጓዴ ይዞ ይመጣል። ውሸቱን የሚጽፈው እሱ ነው፤ የሚያጽፈው ግን ቁጣችሁ ነው። ኢኩዊፋክስ በ2019 ቢያንስ 575 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል፤ በጀት የለም ለምትሉ ይህ ያላደሱት ሰርተፍኬት ዋጋ ነው።

ስለዚህ የዚህን ወር ሪፖርት ከመጻፋችሁ በፊት ተነሥታችሁ ሰርቨር ክፍል ግቡ። ፕሮቡ የተሰካበትን ኬብል በጣታችሁ ተከተሉ። ከአንድ ማሽን ራሳችሁ የምታውቁትን ትራፊክ ልካችሁ ፕሮቡ ያየው እንደሆነ ፈትኑት። የሰርተፍኬቶቹን ማብቂያ ቀን አንድ በአንድ ዘርዝራችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ፤ ከሥሩም የኃላፊውን ስም ጻፉ። ግራፉ ዜሮ ሲሆን የሚጮኽ ማስጠንቀቂያ ሙሉ። ከዚያ ሪፖርታችሁን ክፈቱና የመጀመሪያው መስመር ላይ፣ ከአረንጓዴው ግራፍ በላይ፣ በዚህ ወር ፕሮቦቻችሁ ስንት ሰዓት ሳያዩ እንደቆዩ በቁጥር አስፍሩ። ቁጥሩን የማታውቁት ከሆነ «አናውቅም» ብላችሁ ጻፉና በዚያው ላይ ፈርሙ።